እሺ የሚለው ፓምፕ

በአንድ ወቅት የሕንፃው ሰው ሁሉ እዳሪ በወይዘሮ አልጋነሽ መታጠቢያ ቤት በኩል ተመልሶ መጣ። ምንጣፉ ጠጣ። ፍራሹ ጠጣ። ፀጉር፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ስሙ የማይጠራ ነገር ሳሎናቸው ውስጥ ተንሳፈፈ። ከአልጋ መነሳት የማይችሉት ባለቤታቸው አፍንጫቸውን በጋቢ ሸፍነው ጣሪያውን ያያሉ።

ፍሳሹን ከግቢው ጉድጓድ ወደ ዋናው መስመር የሚገፋው ፓምፕ ታንቋል። በጥበቃው ቤት ያለው ስክሪን ግን በአረንጓዴ «እየሠራ ነው» ይላል። የፍሳሽ መምጠጫ መኪና መጥቶ በግቢው ጠባብ በር አልገባ አለ። አንድ ሰው ወርዶ በእጁ ማላቀቅ አለበት። የሕንፃው ኮሚቴ የፓምፑን መቆጣጠሪያ የሠሩትን ሦስት የሕንፃውን ልጆች እዚያው ሳሎን ጠርቶ፣ ማን እንደሚወርድ እትዬ አልጋነሽ ይወስኑ አለ።

ምንተስኖት ዋናውን ሶፍትዌር የሠራው ነው። ሶፍትዌሩ፣ ፓምፕም ይሁን በር ወይም መብራት፣ የተሰካለትን ዕቃ ሁሉ በአንድ ዓይነት ትእዛዝ ያሠራል። «ተነሳ» ይላል፤ «እሺ» ካሉት ያምናል። ማን «እሺ» እንዳለው አይጠይቅም፤ የምንተስኖት ኩራትም ይኸው ነበር።

ሉልሰገድ ሶፍትዌሩን ከፓምፑ ጋር የሚያገናኘውን ክፍል ጻፈ። ፓምፑ ገና ከጉምሩክ ሳይወጣ ሥራ እንዳይቆም ብሎ የውሸት ፓምፕ ፈጠረ፤ ብረት የሌለው፣ ለታዘዘው ሁሉ «እሺ» የሚል ኮድ። በሙያው የተለመደ ነው። እውነተኛው ሲመጣ ግን አላጠፋውም፣ ያስፈልገኛል ብሎ።

ትርሲት ሁሉንም አገናኝታ ሕንፃው ላይ ገጠመች። ፓምፑ ጨርቅ ጎርሶ ሲታነቅ የማስጠንቀቂያው ደውል አላስተኛ አለ። አንዲት ነዋሪ፣ በሽተኛ አለብኝና ዝም አሰኚልኝ ብለው ለመኗት። ጉድጓዱ እስኪጠረግ ብላ በእውነተኛው ፋንታ የውሸቱን ፓምፕ ሶፍትዌሩ ላይ አስገባች፤ ደውሉ ቆመ፤ ለኮሚቴውም ነገረች። ኮሚቴው አረንጓዴውን አይቶ ተኛ።

«እኔ መሞከሪያ ነው የሠራሁት፤ የሰካችው እሷ ናት» አለ ሉልሰገድ።

«አንተ ባትፈጥረው ምን እሰካ ነበር?» አለች ትርሲት፤ ወደ ምንተስኖት ጠቁማም፣ «የእሱ ሶፍትዌርማ ሬሳም አለሁ ቢለው ያምናል።»

ምንተስኖት ጫማውን ከውሃው አራቀ። «እትዬ፣ እኔ እኮ ጉድጓዱን አይቼው እንኳ አላውቅም።»

«እሱ ነው የሚያስጠላኝ፣ ልጄ» አሉት ወይዘሮ አልጋነሽ።

ጥበቃው አንድ ጥንድ ቦት ጫማ አምጥቶ እጃቸው ላይ አኖረ። ትርሲት ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። ደውሉን ዝም አሰኚልኝ ብለው የለመኗት እሳቸው ነበሩ። ላይ ፎቅ አንድ ሰው የመጸዳጃውን ውሃ ለቀቀ፤ ከመታጠቢያ ቤቱ ወለል ቡናማ አረፋ ፈላ። ወይዘሮ አልጋነሽ ቦት ጫማውን ወደ ሦስቱም በየተራ ዘረጉ፤ የተጸየፉት ማንን እንደሆነ ግን ለይተው አላወቁም።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ከአራቱ፣ ከሦስቱ ልጆችና ከእትዬ አልጋነሽ፣ ቦት ጫማው የሚገባው ለማን ነው?