ትንፋሿን ይዛ የቆመችው ልጅ

አንድ ሰው ነበረ፤ ራጅ ማንሳት የሚማር። ጥያቄህን አልረሳሁትም። «ጋሼ፣ ልጄን ከቀበርሁ ወዲህ የጎረቤቴ ልጅ ሲስቅ ስሰማ በቅናት አንጀቴ ያራል። ግን ለማንም ክፉ አልተናገርሁም፤ ቅናቴ ማንን ይጎዳል?» ብለኸኛል። መልሱ እዚህ ሰው ዘንድ ስላለ እሱን ላስቀድም።

ይህ ተማሪ ደርበው የሚባል የክፍል ጓደኛ ነበረው። ደርበው ያነሳው ራጅ ሁሉ ጥርት ይላል። የጎድን አጥንቶቹ አንድ በአንድ ይታያሉ፤ የትከሻ አጥንት ሳንባው ላይ አያጠላም። መምህሩ ለክፍሉ ሊያሳዩ ሲፈልጉ የሚሰቅሉት የደርበውን ነው። የዚህ ሰው ግን አንዴ የሳንባው ጫፍ ይቆረጣል፣ አንዴ በሽተኛው ይንቀሳቀስና ሥዕሉ ይደፈርሳል። ተማሪዎቹም «ዛሬም ጉም አነሳህ?» እያሉ ይስቁበታል።

ሰውየው ቀና። ደርበው መጽሐፍ ቢያውሰው ይናደዳል፤ ባያውሰውም ይናደዳል። ደርበው ሲያስነጥስ እንኳ ከእሱ አሳምሮ ያስነጠሰ ይመስለው ነበር። ስለ ደርበው ሥዕል ሲያስብ የራሱን የሚያይበት ዓይን አልተረፈውም።

የተግባር ፈተና ቀን ደረሰ። የወደቀ ዓመቱን ይደግማል። ለሁለቱ ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች በሽተኛ ተሰጣቸው፤ መምህሩ እየተመላለሱ ያያሉ። ለሰውየው የደረሰችው ሳል የጠናባት ትንሽ ልጅ ነበረች። እናቷ ውጭ ቀረች። ፊቷን ወደ ራጁ ሰሌዳ አዙሮ አቆማት፤ አገጯን ከፍ አደረገ፤ እጆቿን ወገቧ ላይ አስያዛት። ያን ቀን ምንም አልተሳሳተም።

«ተንፍሺ እስክልሽ እንዳትተነፍሺ፤ እሺ?»

«እሺ።»

ጨረር ከሚከላከለው መስታወት ጀርባ ገባ። «አየር ሳቢ! ያዢ!» ብሎ ቁልፉን ተጫነ። ወዲያው ከጎረቤት ክፍል የመምህሩ ድምፅ መጣ።

«ጎበዝ ደርበው! እንዲህ ነው እንጂ!»

የራሱን ሥዕል ሳያይ ወጣና በጎረቤት በር አንገቱን አሰገገ። መምህሩ የደርበውን ትከሻ መታ መታ ሲያደርጉ አየ። አይቶም አልበቃውም፤ ቆመ።

ልጅቷ ፊቷ ወደ ሰሌዳው ስለሆነ መሄዱን አላየችም። የተባለችውን የምታደርግ ልጅ ናት። ያዘች።

ዱብ የሚል ድምፅ ሲሰማ ሮጦ ተመለሰ። ልጅቷ ወለሉ ላይ ወድቃለች፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል። እናቷ እየጮኸች ገባች። መምህሩ ደርሰው በጎኗ አስተኟት። ከጥቂት ቆይታ በኋላ በረጅሙ ተነፈሰችና ማልቀስ ጀመረች።

ሰውየው «ሥዕሉ እኮ ጥሩ ወጥቷል» አለ። እውነትም እንደዚያ የጠራ ሥዕል አንስቶ አያውቅም። ማንም ቀና ብሎ አላየለትም።

መምህሩ ልጅቷን «የኔ ልጅ፣ ሲጨንቅሽ ለምን አልተነፈስሽም?» አሏት።

«ተንፍሺ አላለኝማ» አለች።

ሰውየው ያን ዓመት ደገመ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ወንድ ልጅህን ቀብረሃል። አትዘን አልልህም፤ እንዲህ የሚልህ ሰው ቢመጣም አትስማው። ግን የጎረቤትህ ልጅ ሲስቅ አጥሩ ሥር የምትቆመው እንደዚያ ተማሪ ነው። ባለፈው ቤትህ ስመጣ የሟቹን ልጅህን ታናሽ እህት አየኋት። ሳህን እንዳይንኳኳ በሁለት እጇ ነው የምታስቀምጠው። ድመቷ ከወንበሩ ስትወድቅ ሳቅ መጣባት፤ ወዲያው ወደ አንተ አየችና አፏን ያዘች። አንተ ጆሮህ ከአጥሩ ማዶ ነበር።

ቅናቴ ማንን ይጎዳል አልከኝ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ትንፋሿን ይዛ የቆመች ልጅ አለችህ። ሂድ፣ ወደ ቤት ግባና ተንፍሺ በላት።