ሦስት መልመጃና አንዲት ቁራጭ ጥለት

አንድ የመስኖ ፓምፕ ጠባቂ ነበር፤ አስናቀ የሚሉት። ቤቱ ከፓምፑ ጎን ብቻዋን የቆመች ናት፤ ጎረቤቱ እንቁራሪት ነው። ገበያውም ትምህርት ቤቱም ከዚያ የሁለት ሰዓት መንገድ ይርቃሉ። መሃል ላይ ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ድልድዩን እንደ ገለባ ጠራርጎ የሚሄድ ወንዝ አለ። ትልቅ ሰው እስከ ወገቡ ገብቶ ይሻገረዋል፤ የስድስት ዓመት ልጅ ግን ይዟት ነው የሚሄደው።

ስለዚህ አስናቀና ሚስቱ ዘነቡ ተማከሩና፣ ልጃቸው ትርንጎ እግሯ እስኪጠነክር ቤት ትማር ተባለ። አስተማሪዋ ማን ነው? አስናቀ ነዋ! አምስተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ነው። ከጎረቤቶቹ ከእንቁራሪቶቹ ጋር ሲወዳደር ፕሮፌሰር ነው።

ይሄን የሰሙት ታላቅ እህቱ እትዬ የሻረግ ናቸው። የሚኖሩት ከተማ ነው፤ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ። አስናቀ ገና በሕፃንነቱ እናቱ ስትሞት አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ፣ ሲቆጡት መሬት መሬት ያያል። ሰኔ ላይ መጡና ገና ቁጭ ሳይሉ ጀመሩት።

“አንተ፣ ልጅ ነው ጥጃ የምታሳድገው? ስጠኝ፣ ከኔ ጋር ትሁን። ትምህርት ቤቱ ደጄ ላይ ነው።”

“እኔ አስተምራታለሁ፣ እትዬ። ፊደሉን ለይታለች፣ ታነባለች። የቀራት መጻፍ ብቻ ነው።”

“መጻፍ? ከአንተ? ባለፈው የላክልኝን ደብዳቤ እኮ ፋርማሲ ወስጄ ነው ያስነበብኩት!”

ይቺ ነገር አስናቀን ቆረጠችው። ሰው ሲናደድ ደግሞ ምላሱ ከጭንቅላቱ ይቀድማል።

“እንግዲያው ለእንቁጣጣሽ ይምጡ! ፊትዎ ተቀምጣ አንድ ገጽ ትጽፋለች። እስከ ታች ድረስ ካነበቡት እዚሁ ትቀራለች። ማንበብ ካልቻሉ ይዘዋት ይሂዱ!”

“ተስማምተናል!” አሉ እትዬ የሻረግ፣ ከአፉ ቀበል አድርገው።

ዘነቡ ከጓዳ ብቅ አለች። “አንተ ሰውዬ፣ ልጄን እንደ በግ አስያዝካት እኮ!” ያን ጊዜ ነው አስናቀ ከአፉ የወጣውን ነገር የሰማው።

ቅዳሜ ማልዶ ገበያ ወረደና መጽሐፍ ሻጩ ዘንድ ቆመ። “የእጅ ጽሑፍ መልመጃ ስጠኝ፤ ጥሩውን” አለ። ሻጩ ቀጭን መስመር ያለው፣ ስስ መልመጃ ሰጠው። አስናቀ በፌስታል ጠቅልሎ፣ አናቱ ላይ በነጠላው አስሮ፣ ወንዙን ተሻገረ። ያየው ሁሉ ቅዱስ መጽሐፍ የያዘ መስሎት ነበር።

ገጹ አናት ላይ አንዲት ቆንጆ “መ” ታትማለች፤ ከሥሯ አሥር ባዶ መስመር። አስናቀ ትርንጎን አጠገቡ አስቀመጠና ፀጉሯን እየዳበሰ፣ “በይ የኔ እመቤት፣ ይቺን እያየሽ ጻፊ፤ ቀስ ብለሽ” አላት። ትርንጎ ምላሷን በከንፈሯ ጎን አውጥታ ጀመረች። አንደኛው መስመር፣ ምን ልበላችሁ፣ ማተሚያ ቤት ይቀናበታል። ሦስተኛው ላይ “መ” ትንሽ ዘመም አለች። ስድስተኛው ላይ ጎማው የተነፈሰ ብስክሌት መሰለች። አሥረኛው ላይ ብስክሌቱ ገደል ገብቷል።

“መስመሩ ጠቦ ነው” አለ አስናቀ። ልጁ ላይ አልፈረደም፤ መጽሐፉ ላይ ፈረደ።

በሳምንቱ መስመሩ ሰፊ የሆነውን ገዛ። ሰፊ መስመር ላይ ምን ሆነ? ብስክሌቱ ሰፊ ገደል አገኘ። በዚህኛው ሳምንት አስናቀ ፀጉሯን መዳበሱን ትቶ ድምፁን ትንሽ ከፍ አደረገ።

በሦስተኛው ሳምንት ሻጩ ገና ከሩቅ ሲያየው ሳቀ።

“አሁንስ ምን አጣህበት?”

“ከታች ይበላሻል።”

“ከላይስ?”

“ከላይ ጥሩ ነው።”

“እንግዲያው ከወገቡ በታች ቅደድና ጣለው!”

“አትቀልድ፣ ወንድሜ። ልጄ ልትወሰድብኝ ነው። ከሁሉም የሚሻለው መልመጃ የቱ ነው? እውነቱን ንገረኝ።”

ሻጩ ትከሻውን ሰበቀ። “ገና ያልገዛኸው ነዋ!”

አስናቀም ያልገዛውን ገዛ። ይሄኛው ባለቀለም ነው፤ ፊደሉ ልጅ በእርሳስ እንድትሄድበት በነጠብጣብ ተሠርቷል፣ በየገጹም አንበሳ አለ። ትርንጎ አንበሳውን በደስታ ቀባችው፤ ጥርሱ ሳይቀር ቀይ ሆነ። በነጠብጣቡም ላይ በደንብ ሄደች። ነጠብጣቡ አልቆ ባዶው መስመር ሲመጣ ግን ያው ገደል።

በዚህ ጊዜ አስናቀ ጮኸ። ትናንት ከጮኸው ጨምሮ፣ ከትናንት ወዲያ ከጮኸው ደግሞ አብልጦ ጮኸ።

“ዓይንሽን የት ነው የምታደርጊው? እያየሽ ጻፊ አላልኩሽም?”

“እያየሁ ነው እኮ የምጽፈው፣ አባዬ!” አለች ትርንጎ። እንባዋ ወረቀቱ ላይ ጠብ ብሎ ብስክሌቱን አረጠበው።

አስናቀ የምትዋሽ መሰለው። ወጥቶ ፓምፑ ጋ ቆመ። ቆይቶ ሲመለስ ልጅቷ ጓዳ ውስጥ እናቷን ስትጠይቅ ሰማ።

“እማዬ፣ አክስቴ ቤት እንቁራሪት አለ?”

“የለም፣ ልጄ።”

“እና ማታ ማታ ማን ይጮህልኛል?”

አስናቀ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ልጅቷ በልቧ ጓዟን መሸከፍ ጀምራለች ማለት ነው። ይሄን ሁሉ ያመጣው ደግሞ የእሱ አፍ ነው። “ምናልባት እትዬ እውነታቸውን ይሆናል” አለ ለራሱ። “ምናልባት እኔም አላውቅ፣ እሷም አትችል።”

እንቁጣጣሽ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዘነቡ ጠራችው። “ጋሽ ደምሰው ጋ ያዘዝነው የትርንጎ ቀሚስ ጨርቅ ደርሶ ይሆናል። ሂድና አምጣ። ብትሄድም ለብሳው ትሂድ፤ ብትቀርም…” አልጨረሰችውም።

ጋሽ ደምሰው ሸማኔ ናቸው፤ ገበያው ጥግ ባለች ደሳሳ ቤት ውስጥ እግራቸውን መሸመኛው ጉድጓድ ውስጥ ከተው ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠሩ። “ጥለቷ ትንሽ ቀርታለች፤ ቁጭ በል፣ ካልቸኮልክ” አሉት። “ልጄን ነው የምሰጠው፤ ምን ያስቸኩለኛል” አለና ቁጭ አለ።

ሲያያቸው አንድ ነገር ገረመው። ከፊታቸው በክር የተንጠለጠለች አንዲት ቁራጭ ጨርቅ አለች፤ ያረጀች፣ ቀለሟ የለቀቀ። ጋሽ ደምሰው ጥቂት ክር ባስገቡ ቁጥር ቀና ብለው እሷን ያያሉ። እንደገና ጥቂት ክር፤ እንደገና ቀና።

“ጋሼ፣ ይሄን ጥለት ስንት ዓመት ሠሩት?”

“አንተ ሳትወለድ ጀምሮ።”

“ታዲያ ይቺን አሮጌ ጨርቅ ምን ያሳይዎታል? የትናንቱ ሥራዎ እጅዎ ላይ አይደል? እሱን እያዩ አይሠሩም?”

ጋሽ ደምሰው ሳቁ፤ የቀሩት ጥርሶቻቸው ሁሉ ታዩ።

“ስማ፣ አያ ጠባቂ። የትናንቱን እያየሁ ከሠራሁ ዛሬ አንድ ክር እስታለሁ። ነገ የዛሬውን አይቼ ሁለት እስታለሁ። ከነገ ወዲያ የሁለቱን አይቼ አራት። በሳምንቱ መስቀል የነበረው ጥለቴ ቁራ ሆኖ ይበራል! ይቺ ጨርቅ የአባቴ ናት። እኔ ከአባቴ ነው የምቀዳው፤ ከራሴ አልቀዳም። የሠራሁትንማ ወዲያው ጠቅልዬ ከዓይኔ ዞር አደርገዋለሁ።”

“እያየሁ ነው እኮ የምጽፈው፣ አባዬ” ትርንጎ ያለችው አስናቀ ጆሮ ላይ ጮኸ። ዘሎ ተነሣና ሮጠ።

“አንተ! ጨርቁስ?” ብለው ጮኹ ጋሽ ደምሰው።

“ይጠቅልሉት!” አለ አስናቀ፤ እየሮጠ።

ወንዙን ከነጫማው ተሻግሮ ቤት ሲደርስ ዘነቡ ባዶ እጁን አየችና፣ “ጨርቁ የታለ?” አለች። እሱ ግን ትርንጎን ጠራ፣ የመጀመሪያውን ስስ መልመጃ አወጣ፣ “ጻፊ የኔ እመቤት” አለ። በዚህ ጊዜ ግን እጇን አላየም። ዓይኗን አየ።

እውነትም እያየች ነው የምትጽፈው! አንደኛውን መስመር ስትጽፍ ከላይ የታተመችውን “መ” አየች። ሁለተኛውን ስትጽፍ ግን ያየችው አንደኛውን፣ የራሷን ነው። ሦስተኛውን ስትጽፍ ሁለተኛውን። ትንሽ የዘመመችውን አይታ ትንሽ ጨምራ ታዘማለች። ልጅቷ ታዛዥ ናት፤ የምታየውን በትክክል ነው የገለበጠችው። የምታየው ነው የተበላሸው።

አስናቀ አንገቱን አቀረቀረ። እሱስ? በመጀመሪያው ቀን ፀጉሯን እየዳበሰ አልነበር የጀመረው? ከዚያ ሰኞ የጮኸውን አይቶ ማክሰኞ አልጮኸም? የእሱም ገጽ ከታች ገደል ገብቷል።

“ይቅር በይኝ፣ ልጄ” አላት። “ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን አዲስ ጨዋታ እንጫወት። ከታች ጀምረሽ ወደ ላይ ጻፊ።”

ትርንጎ እየተጠራጠረች አየችው። “ከታች? እንዴ አባዬ፣ ደህና ነህ?”

“ቤት ሲሠራ ከየት ነው የሚጀመረው?”

“ከመሠረቱ።”

“በቃ! አንቺም ከመሠረቱ ጀምሪ።”

ከታች ጀመረች። አሁን ከበላይዋ ያለው ባዶ መስመር ነው፤ የጻፈችውን ደግሞ ክንዷ ሸፍኖታል። ምን ታድርግ? የምታየው ስታጣ ዓይኗ ሽቅብ ሄዶ የታተመችው “መ” ላይ አረፈ። አንድ መስመር፣ አምስት መስመር፣ አሥር መስመር። ብስክሌት የለም፤ ገደልም የለም። ዘነቡ መጥታ በላያቸው ላይ ጎንበስ ብላ አየችና ስለ ጨርቁ መጠየቋን ረሳች።

ጨርቁን በማግስቱ ሄዶ አመጣው።

በእንቁጣጣሽ እትዬ የሻረግ ደረሱ። ለትርንጎ ልብስ መያዣ ባዶ ሻንጣ ሳይቀር ይዘዋል፤ ቆራጥ ሴት ናቸው። እትዬ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አሥር መስመር ያለው ንጹሕ ወረቀት አወጡና አናቱ ላይ በራሳቸው እጅ፣ “አክስቴ ደግ ናት።” ብለው ጻፉ።

“በይ፣ እስከ ታች ሙዪው።”

ትርንጎ አዲሱን ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተቀመጠች፣ ወረቀቱን ሳበችና ከታችኛው መስመር ጀመረች።

“ወይ ጉድ!” እትዬ የሻረግ ጉልበታቸውን መቱ። “ጭራሽ ገልብጠህ አስተማርካት? ልጅቷ ወለሉንና ጣራውን እንኳ መቼ ለየች!”

ትርንጎ አንድ ቃል ትጽፍና ቀና ትላለች፤ አንድ ቃል ትጽፍና ቀና ትላለች። የላይኛውን መስመር ስትጨርስ ወረቀቱን በሁለት እጇ ለአክስቷ ሰጠች።

እትዬ የሻረግ ጮክ ብለው አነበቡ። “አክስቴ ደግ ናት። አክስቴ ደግ ናት።” አራተኛው ላይ ድምፃቸው ቀነሰ። ሰባተኛው ላይ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። አሥረኛው፣ የመጨረሻው ታችኛው፣ ልክ እንደ አንደኛው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ “አክስቴ ደግ ናት።”

“እትዬ፣ ይነበባል?” አለ አስናቀ።

እትዬ የሻረግ ልጅቷን ስበው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። “አሥር ጊዜ ደግ ናት ተብዬማ እንዴት አድርጌ ክፉ ልሁን? ይነበባል! ትቅር! ሻንጣውም ይቅር፤ መጽሐፎቿን ትይዝበታለች። አንተ ግን፣ አስናቀ፣ ከእሷ አጠገብ ተቀመጥና ተማር። ፋርማሲስቱ ሰልችቶታል።”

አስናቀ ከሰኔ ጀምሮ የያዘውን ትንፋሽ ያን ቀን ለቀቀው። ዘነቡ በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች፣ አለቀሰችም። ማታም እንቁራሪቶቹ ለትርንጎ እንደ ልማዳቸው ጮኹላት።

እንግዲህ ወዳጄ፣ በአስናቀ ስትስቅ ነበር አይደል? ሳቅ፣ ሳቅ። ግን አንተም ሥራው ሲበላሽብህ ሥራ ቀይረሃል፣ ቤቱ ሲበላሽብህ ሰፈር ቀይረሃል። መልመጃው ላይ ፈርደህ ሌላ መልመጃ ገዝተሃል። ዛሬ የተቆጣኸው ትናንት ስለተቆጣህ ነው፤ ትናንት የተቆጣኸውም ከትናንት ወዲያ ስለለመድክ። ሰው በአንድ ቀን ገደል አይገባም፤ የራሱን ዝማሜ እየቀዳ፣ መስመር በመስመር ነው የሚወርደው። መድኃኒቱም አዲስ መጽሐፍ መግዛት አይደለም። ቀና ማለት ነው፤ መጀመሪያ ሲሰጥህ ቆንጆ ወደነበረው ነገር። የትናንቱን ጠቅልለህ ከዓይንህ ዞር አድርገው።

እስቲ ንገረኝ፤ ከገጽህ አናት ላይ የተጻፈልህ ምን ነበር? ቀና ብለህ ካየኸውስ ስንት መስመር ሆነህ?