ብሬከሩ ሲጥል

አባቴ፣ ነፍሱን በገነት ያኑራትና፣ «በሬ ሲነሣ እንጂ ሲሄድ አይከብደውም» ይል ነበር። ትርንጎ ባሏን ቀብራ፣ ለቅሶ ደራሹም ከተበተነ በኋላ መጥታ ደጄ ላይ ስትቀመጥ ይኸው ቃል ትዝ አለኝ።

«አባባ፣ ጠዋት ጠዋት የሱንም የኔንም ሥራ ልሠራ ብድግ እላለሁ። ገና ስነሣ ጉልበቴ ይከዳኛል። እግዜር ጣለኝ እንዴ?» አለችኝ።

እንዲህ ብዬ ነገርኳት።

አንድ ሰው ነበረ። አናጢ ነው። የሚሠራው ከቤቱ ጓሮ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ከግድግዳው ወዲያ ሚስቱ ጫጩቶች በአምፖል ታሞቃለች። የሁለቱም የመብራት መስመር አንድ ነው። ሰውየው የኤሌክትሪክ መጋዙን ሲያስነሣ፣ መጋዙ አንዴ አጉረምርሞ፣ ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው ብሬከር ይጥላል፤ የቤቱ መብራት ሁሉ ድርግም ይላል። ያን ጊዜ ሰጋቱራው አየር ላይ እንደ ጉም ተንሳፍፎ ይቀራል፤ የጫጩቶቹም ድምፅ ቀስ እያለ ይጠፋል። ዓለሙን እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል።

«አንተ ሰውዬ፣ ጫጩቶቼን በብርድ ልትፈጅ ነው?» ትላለች ሚስቱ።

«እኔ ምን ላርግ፣ ብሬከሩ ነው ምቀኛዬ!»

«ብሬከሩማ አፍ የለው፣ ምን ይበልህ!»

አንድ ዝናባማ ቀን ከጫጩቶቹ ጥቂቶቹ በብርድ ሞተው ተገኙ። ሰውየው ተናደደ። ብሬከሩን ትቶ ሽቦ ከሽቦ በቀጥታ ሊያገናኝ ተነሣ። ዝናቡ እስኪያባራ ጥላው ሥር የተጠጋ አንድ መንገደኛ ነበር፤ ዓይኑን ጨፍኖ የቆርቆሮውን ድምፅ ያዳምጣል። እንደ ጨፈነ፣ «ዘበኛህን ልታባርር ነው? እሱኮ የሚጥለው ቤትህ እንዳይቃጠል ነው» አለው።

ሰውየው እጁን ሰበሰበ። ችኩል ነበርና፣ መጋዙን ገና ሳያስነሣው ጣውላውን የመጋዙ ጥርስ ላይ ተጭኖ ነበር የሚጀምረው፤ ብሬከሩን የሚያስጥለውም ይኸው ጭነት ነበር። መንገደኛው ቀርቦ ጣውላውን ወደ ኋላ ሳበው። ማስነሻውን ተጫነ። አምፖሉ እንደሚያንቀላፋ ዓይን ደብዘዝ አለ፤ መልሶ ተገለጠ። መጋዙ ተነሣ። ጫጩቶቹ ዝም አላሉም።

ትርንጎ ልጄ፣ ጣለኝ ያልሽው እሱ፣ እንዳትቃጠይ ነው የጠበቀሽ። ያንቺን ጣውላ ከሟቹ ጣውላ ደርበሽ፣ ተጭነሽው ነው የምትነሺ። ነገ ጠዋት ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ አማትቢ፣ ደጅ ውጪ። ለጊዜው ይኸው ይብቃሽ። እንጨቱ እንደሆነ የትም አይሄድም። መንገደኛው ለዚያ ሰው ያለውን ቃል እንዳለ ልስጥሽ፦

«መጋዙ ባዶውን ይነሣ። መዘመር ሲጀምር፣ ያኔ እንጨቱን ስጠው።»