ነጯ፣ ግራጫዋና የቀጨሞ ወንዝ

በእኛ በኩል ሰው ከሁለት ደህና ነገር አንዱን መያዝ አቅቶት ቀን ሲያሳልፍ፣ ሽማግሌዎች የሚሏት አንዲት አባባል አለች። ብዙ ሰው ይላታል፤ ከየት መጣች ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔም አልጠየቅሁም ነበር። ብዙ ዓመት ሆነው፣ ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ጎማ እስኪለጠፍ ቁጭ ብዬ ሁለት ሰዎች ስለ መኪና ሲነጋገሩ ሰማሁ። ግማሹን ረስቼዋለሁ። አንደኛው «ባሌስትራዋን አይተሃል?» ሲል፣ ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተወኝ እባክህ፤ አባቴ የቀረበችውን አምጡ ብለው ነበር» ማለቱ ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ሰውዬው ምንውየለት የሚባል የእህል ነጋዴ መሆኑን በኋላ አወቅሁ። ታሪኩንም ከእሱ ጥቂት፣ ከወንዙ አሻጋሪ ጥቂት እየሰማሁ ነው የገጣጠምሁት።

የምንውየለት አባት አቶ ደምስ በጉልማሳነታቸው የአጥቢያ ዳኛ ነበሩ። ለሰው ሁሉ ሲፈርዱ ኖረው ከታናሽ ወንድማቸው ከአቶ ይርጉ ጋር በአባታቸው የጓሮ መሬት ተጣሉ። ታናሽየው አኩርፈው የቀጨሞን ወንዝ ተሻገሩና ወደ ሚስታቸው አገር ገቡ። አሥራ አንድ ዓመት አልተያዩም። አንድ የፋሲካ ሰሞን ግን ከማዶ መልእክት መጣ፤ «ደክሜያለሁ። የወንድሜን አንገት ሳልስም እንዳልሞት» የሚል።

አቶ ደምስ በተቀመጡበት አማተቡ። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ በበቅሎ መሄድ አይችሉም።

«በስልክ ላገናኝዎት አባባ?» አለ ምንውየለት።

«አሥራ አንድ ዓመት ፊቴን የነሣሁትን ሰው በጆሮ ልታረቀው? የለም። ሄጄ እስመዋለሁ። መኪና ተከራይልኝ።»

ቀጨሞ ድልድይ የለውም። በበጋ መኪና እንደ ልቡ ይሻገረዋል፤ ክረምት ከገባ ግን እስከ መስከረም ድረስ መንገዱ ዝግ ነው። ይህን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ምንውየለትም ያውቃል። ነገር ግን ያን ዓመት ለእህል ሥራው ፒካፕ ሊገዛ አስቦ ነበርና፣ «ኪራይ ምን ያደርጋል? በልጅዎ መኪና ነው የሚሻገሩት። አጎቴም ይይ» አላቸው። ክፋት አልነበረበትም። አባቱን ማኩራት ነው የፈለገው።

ደላላው ሁለት ደብል ጋቢና አቀረበለት፤ አንዷ ነጭ፣ አንዷ ግራጫ። አጥናፉ የሚባል የጭነት ሹፌር ጎረቤቱ ለነጯ ቆመ። ባለ ወፍጮው መኩሪያ ደግሞ ለግራጫዋ። ክርክሩ ከቤት ወደ ጠላ ቤት፣ ከጠላ ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ዘለቀ። በመጨረሻ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱ መኪኖች ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ቆሙ፣ ጎረቤት በዙሪያቸው ተቀመጠ፣ አቶ ደምስም እንደ ድሮው ዳኛ ሆነው እንዲሰየሙ ተለመኑ።

አጥናፉ ነጠላውን አደግድጎ ተነሣ። «ጌታዬ ዳኛ፣ የነጯ ባሌስትራ ብረት ነው፤ አሥር ኩንታል ጭነው አቀበት ቢያስወጧት ወገቧን አትልም። ዕቃ ብትፈልግ ከየሱቁ ይገኛል። ግራጫዋ የተሰበረች ቀን ግን ባለቤቷ ስእለት ነው የሚሳል።»

«ስለ ናፍጣ ለምን ዝም አለ?» አለ መኩሪያ እየተነሣ። «ነጯ እኮ ትጠጣለች፣ ጌታዬ። ማኅበርተኛ ናት። ግራጫዋ ቁጥብ ነች። ጋቢናዋም ሰፊ ነው። ለመሆኑ ዳሌው የታመመ ሰው እግሩን የሚዘረጋው በየትኛዋ ነው?»

«ዳኛ መደለል ነው ይሄ» አለ አጥናፉ። ግቢው በሳቅ ተሞላ።

አቶ ደምስ ሁለቱንም አዳመጡና በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ፍርዴን ስሙ። ሁለቱም ያደርሱኛል። የቀረበችውን አምጡና ውሰዱኝ።»

«ይግባኝ ብያለሁ» አለ መኩሪያ።

ሰው ዳግመኛ ሳቀ። ምንውየለትም ሳቀ። ከሁሉ ይልቅ ያ ሳቅ እንደሚቆጨው ነግሮኛል።

በሁለተኛው እሑድ ድንጋይ ጭነው አቀበት ፈተኗቸው፤ ሁለቱም ወጡ። በሦስተኛው ከከተማ መካኒክ መጣ። ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ አረፈደና «ሁለቱም ጤነኛ ናቸው» ብሎ እጁን ታጠበ። በዚህ መልስ የተደሰተ ሰው አልነበረም። አቶ ደምስ በየማለዳው ንጹሕ ጋቢያቸውን ለብሰው በር ላይ ይቀመጣሉ።

«ዛሬ ነው?»

«ሐሙስ አባባ። መኪና በየቀኑ አይገዛም፤ ይታገሡኝ።»

«እኔስ እታገሥሃለሁ። ወንዙን ነው የፈራሁት።»

ግንቦት አለቀ። በሰኔ ሚካኤል ዕለት ነጯ ተመረጠች። ግራጫዋን ሌላ ሰው ወሰዳት። በማግሥቱ ማዶ ላሉት ተነገረና አባትና ልጅ ተነሡ፤ አጥናፉ መሪ ያዘ። መሻገሪያው ጋ ሲደርሱ ቀጨሞ ቀልቶ፣ ሥር የነቀለ ዛፍ እያንከባለለ ይወርዳል። ከላይ አገር ሦስት ቀን ዘንቦ ኖሯል።

ሰው በማሻገር ያረጁት አያ ስንሻው እጃቸውን ዘርግተው ከመኪናዋ ፊት ቆሙ። «አትግባ፣ ልጄ።»

«ከፍ ያለች መኪና ናት እኮ» አለ አጥናፉ።

«ብትሆንስ። ያችን ዋርካ የሚያህል ዛፍ ሲወስድ አላየህም?»

ያን ጊዜ ማዶ ሰዎች ብቅ አሉ። ቃሬዛ ተሸክመዋል። አቶ ይርጉ ወንድማቸው እስኪመጡ በቤት አልጠብቅም ብለው፣ ወደ ወንዙ ውሰዱኝ ስላሏቸው ነው። ቃሬዛውን ዳር ላይ አሳረፉት። አቶ ደምስ ከጋቢና ወርደው፣ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው እስከ ውሃው ጫፍ ሄዱ። «ይርጉ፣ ይቅር በለኝ» እያሉ ጮኹ። ወንዙ ድምፃቸውን በላው። ከቃሬዛው ላይ አንድ እጅ ትንሽ ከፍ ብላ ወረደች። ይቅርታ ትሁን፣ ሰላምታ ትሁን፣ ዝንብ መከላከል ትሁን፣ እግዚአብሔር ያውቃል።

«አዝለህ አሻግረኝ፣ ስንሻው» አሉ አቶ ደምስ።

«እርስዎን ይዤ ከገባሁ ሁለታችንንም ይወስደናል፣ ጌታዬ።»

ዝናብ ጀመረ። ማዶ ያሉት ቃሬዛውን አነሡ። አቶ ደምስ ከዓይናቸው እስኪሰወር ከቆሙበት አልነቃነቅም አሉ።

መርዶው በአራተኛው ቀን መጣ። ወንዙ አልጎደለም ነበርና ወንድማቸውን ሊቀብሩ አልቻሉም። ክረምቱን ሙሉ ነጯ ግቢ ውስጥ ቆማ በዝናብ ስትታጠብ ከረመች። ምንውየለት ለሐኪም ቤት እንኳ ይግቡባት ቢላቸው እምቢ አሉ። አልተቆጡትም። «አንተን አልተቀየምሁም፤ ስልኩን እምቢ ያልሁት እኔ ነኝ» ብቻ አሉት። እሱ ግን ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ ምንውየለት እግራቸው ሥር ተንበረከከ። «መቃብሩን እንኳ ይሳሙት፣ አባባ።»

አቶ ደምስ በትራቸውን አነሡና «እሺ፤ ውሰደኝ» አሉ።

በዚያ ቀን ቀጨሞ የመኪናዋን ጎማ እንኳ በቅጡ አላራሰም። ወደ ገበያ የምትሄድ አንዲት ሴት ዳር ቆማ ሲሻገሩ አየችና ወደ አያ ስንሻው ዞረች። «እኒህ አይደሉም እንዴ፣ በሰኔ ወንድማቸውን በሩቅ አይተው የተመለሱት? ምነው፣ በበጋው መኪና አጥተው ነበር?»

አያ ስንሻው ነጯ ዳገቱን ስትወጣ እያዩ፣ «ኧረ ሁለት ነበራቸው፤ ሲያማርጡ ወንዝ ሞላ» አሏት።