የሐውልቱ አንገት

ሮማ በግሪክ ከተሞች ላይ አዛዥ ናዛዥ በነበረችበት ዘመን፣ አንድ የወይን ሸለቆ በሁለት ጎረቤት ከተሞች መካከል ሲመላለስ ኖረ። አዲስ የሮማ ሹም በመጣ ቁጥር ከአንዷ ነጥቆ ለሌላዋ ይሰጣል፤ የተሰጣትም ከተማ ለሹሙ ሐውልት ታቆምለታለች።

አንዱ ሹም ታዲያ ሐውልቱን ሊመርቅ መጥቶ እየተንጎራደደ ሲዞረው፣ ጭንቅላቱን ነካ ቢያደርገው ተነቃነቀ። ለካስ ተነቃይ ኖሯል።

ድንጋይ ጠራቢውን አስጠራና፣ «ለዘላለም የሚቆም ሐውልት አልነበረም ያዘዝኩህ? ምክንያትህን ተናገር፤ አለዚያ ሸለቆውን ዛሬውኑ ለጎረቤቶቻችሁ እመልሰዋለሁ» አለው።

ጠራቢው እጅ ነሳና፣

«ምክንያቱንማ አሁን እርስዎው ተናገሩት፣ ጌታዬ። ሸለቆውን እንዳይነቀል አድርገው ይስጡን፤ እኔም ጭንቅላትዎን እንዳይነቀል አድርጌ እተክለዋለሁ» አለ።