የውሃ አባቱ ዘንግ

በአንድ ወቅት፣ ክረምት ከመስከረም በማይዘልቅበት አገር፣ ዘንቢት የምትባል ምንጭ ነበረች። ዘንቢት ትንሽ ናት፤ ዓባይን ያየ ሰው ከቁም ነገርም አይቆጥራት። ቢሆንም «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባል የለ? ስልሳ አባወራ እሷን እያመሰገነ፣ በእሷ ሽንኩርትና ገብስ እያበቀለ ይኖር ነበር።

የዘንቢት ውሃ አባት አያ ጓንጉል ይባላሉ። የውሃ አባት ማለት የመስኖውን ተራ የሚያስከብር ሰው ነው፤ ምልክቱም የወይራ ዘንግ ነው። አያ ጓንጉል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቦዩ ራስ፣ ውሃው ከሚጠለፍበት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ሲለቁት ኖሩ። ቦዩ ረጅም ስለሆነ ጭራው ከተቀመጡበት አይታይም። ስለዚህ አንድ ልማድ ነበር። የመጨረሻው ማሳ ሲጠጣ ባለቤቱ «ደረሰ!» ብሎ ይጣራል። ከበላዩ ያለው ጎረቤት ይቀበለዋል፤ እሱም ለበላዩ ያቀብላል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ በአሥራ ሁለት አፍ አልፎ አያ ጓንጉል ጆሮ ይገባል። ያን ጊዜ «እሰይ! ጠግባችሁ እደሩ» ብለው ይመርቁና ውሃውን ወደ ማዶው ቦይ ያዞሩታል። ጎረቤትን ዘሎ ራስ ድረስ ወጥቶ መናገር ነውር ነበር፤ ነገረኛ ያሰኛል።

ዕድሜ አይቀርምና የአያ ጓንጉል ዓይን ደከመ። ሽማግሎቹን ሰብስበው «በመጪው ኅዳር ሚካኤል ዘንጉን ከሦስቱ ልጆቼ ለአንዱ አስረክባለሁ» አሉ። ልጆቻቸው አንማው፣ ይመኙሻልና ቢያድግልኝ ናቸው። ማንን አብልጠው እንደሚወዱ ሲጠየቁ «ገና ያልበላውን» ይላሉ እንጂ አይለዩም ነበር።

«ሴትም ትቆጠራለች? የውሃ አባት ተብላ ልትጠራ ነው?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«የውሃ እናት በሏታ! ውሃው እንደሆነ ስም አይጠይቅም» አሉ አያ ጓንጉል።

ጥር ላይ ይመኙሻል የነጭ ሽንኩርት ዘር ልትለምን ወደ ቦዩ ጭራ ወረደች። የመጨረሻው ማሳ የእትዬ አሞኘሽ ነው። እትዬ አሞኘሽ ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመት የሆናት፣ እንግዳ ሳትጋብዝ የማትሸኝ ሴት ናት። ይመኙሻል ስትደርስ አሞኘሽ ከማሳዋ ዳር ቆማ፣ እጇን ከአፏ አድርጋ «ደረሰ!» ስትል አገኘቻት። ይመኙሻል ወደ ቦዩ አየች። ቦዩ ውስጥ አቧራ ነበር።

ዘሩን ትታ ሽቅብ ሮጠች። አያ ጓንጉል ገና መርቀው ሳይጨርሱ ደረሰችባቸው።

«አባዬ፣ ደረሰ የሚሉህ አልደረሰም።»

«ማነው ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም፣ አይቼ ነው።»

ተቆጡ። ሠላሳ ዓመት የሰሙትን ድምፅ ልጃቸው ልታስክዳቸው ሆነ። ወንድሞቿም «ሽማግሌ ትገድያለሽ እንዴ?» ብለው ገላመጧት። እሷ ግን አልተመለሰችም፤ እጃቸውን ይዛ እየመራች አወረደቻቸው። አያ ጓንጉል ከቦዩ ጭራ ሲደርሱ ዓይናቸውን አላመኑትምና ጎንበስ ብለው እጃቸውን ሰደዱ። አፈሩ ደረቅ፣ ፀሐይ የመታው፣ ትኩስ ነበር። ዘገኑና ወደ አሞኘሽ ዞሩ።

«ስንት ዓመቱ ነው እንዲህ ከሆነ?»

«ሰባት» አለች አሞኘሽ መሬት መሬት እያየች።

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ደረሰ የምትይው?»

«አያ፣ ምን ልበል? ከበላዬ ያሉት እኮ ናቸው በሬ ጠምደው የሚያርሱልኝ። ማሳዬን እያረሱ ውሃዬን ወሰዱ ብዬ ላሳጣቸው? ዝም ብልም ማዶ ያሉት ባልቴቷ ውሃውን ይዛ ቀረች ይላሉ። ደግሞም አንቱ ሲመርቁ ድምፅዎ እዚህ ድረስ ይሰማል። ባሌን የቀበሩልኝን ሰው እንዴት ላሳዝን?»

አያ ጓንጉል አለቀሱ። «በመረቅኩ ቁጥር ውሃዋን ስዘጋባት ኖርኩ!» አሉ። የገረማቸው ደግሞ ክፉ ሰው አለመኖሩ ነው። አንዱ ጎረቤት ለጌሾው ከውሃው ትንሽ ይቀንሳል፤ ሌላው የተሸረሸረውን ክትር ነገ እደፍነዋለሁ እያለ ያሳድራል፤ ሁሉም ለአሞኘሽ ያዝናል፣ ሁሉም ደረሰ ሲባል ተቀብሎ ያስተላልፋል። ሌባ የሌለበት ሌብነት ሆነባቸው። አሞኘሽ በበኩሏ ዘንድሮም ሽንኩርቷ ከከዳት የባሏን መሬት ጥላ ቆላ ወንድሟ ዘንድ ልትሄድ ጓዟን ማሰናዳት ጀምራ ነበር።

ይህን ሲሰማ የበኩር ልጃቸው አንማው አልተቀመጠም። በማግሥቱ አርባ ሰው አስወጣ። ቦዩ የሚያፈስበትን እጥፋት በድንጋይ ካበ፣ በጭቃ መረገ። የየማሳውን ተራ ጥላውን በእግር እየለካ በሰዓት ወሰነ፤ ከጭራው ተጀምሮ ወደ ራስ እንዲወጣ አደረገ። የጮኸበትን ሁሉ «ቀድመህ ጠጥተህ ኖረሃል፣ ዛሬ ጠብቅ!» እያለ፣ በየመክፈቻው ራሱ ቆሞ አስከበረ። በስምንተኛው ቀን ውሃው አሞኘሽ ማሳ ገባ። ቢጫ ሆኖ የነበረው ሽንኩርት ቀና አለ፤ እሷም ጓዟን ፈታች። አያ ጓንጉል ከማሳዋ ዳር ተቀምጠው ውሃው አፈር ሲጠጣው የሚያሰማውን ድምፅ እያዳመጡ ዋሉ፤ በልጃቸውም ኮሩ።

መጋቢት ላይ ግን አንማውን ንዳድ ጣለው። አራት ቀን ተኛ። አርባው ሰው አካፋውን ይዞ «አንማው ይምጣ» እያለ ጠበቀ፤ የሚከፍትም የሚዘጋም ጠፋ። ራስ ላይ ውሃው ገንፍሎ ገብስ አስተኛ፤ ጭራው ተሰነጠቀ። አንማው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በሰው ተደግፎ ወጥቶ ነው ነገሩ የተስተካከለው።

ትንሹ ቢያድግልኝ እስከዚያ ድረስ በውሃው ነገር እጁን አላስገባም ነበር። ሲያገባ አባቱ የሰጡት፣ ከቦዩ ራስ ያለ ጥቁር መሬት ነበረው። ከአሞኘሽ ማሳ በታች ደግሞ ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ የተወው ድንጋያማ ጠፍ ነበር። ቢያድግልኝ ሄዶ ጥቁሩን መሬት በጠፉ ለወጠው። ሚስቱ አለቀሰች። አገሩ አበደ አለው።

«ልጄ፣ ምን ነካህ?» አሉ አያ ጓንጉል።

«አባዬ፣ አንተ ከራስ ተቀምጠህ የጭራውን ነገር የምትሰማው በአሥራ ሁለት ሰው አፍ ነው። እኔን ሲጠማኝ ማንም መጥቶ ሊነግረኝ አያሻም።»

ከዚያ አሥራ ሁለቱን ጎረቤቶች ሦስት ሦስት አድርጎ አቧደናቸው። «የአንድ ቡድን ጠብ እዚያው ይለቅ፤ ያቃታችሁን ብቻ አምጡልኝ» አላቸው። መጀመሪያ ላይ ተነታረኩ። አንዱ ቡድን ሲከራከር የሁለት ሰው ነጭ ሽንኩርት ደረቀ፤ ከሁለቱ አንደኛው የስምንት ልጆች አባት ነበር። ቢያድግልኝ የእሱም ማሳ አብሮ ደርቆ ታገሰ። ግንቦት ላይ ግን ሰዎቹ ማንንም ሳይጠሩ፣ ማታ ማታ ራሳቸው ተነጋግረው ይካፈሉ ጀመር። ከጭራው ያለው ሰው ጠግቦ ሲያድር ከበላዩ ያለው ሁሉ መጥገቡ አይቀርምና።

ይመኙሻልስ? እሷ በየሁለት ሳምንቱ ቦዩን ከራስ እስከ ጭራ ትሄደዋለች፤ ያየችውን ለባለቤቱ ፊት ለፊት ትናገራለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢባልም፣ የተነገረበት ሰው ግን ቶሎ አይወደውም። ሴቶች ስትመጣ ወሬ ያቋርጣሉ፤ ወንዶቹ «ደህና ነው፣ ሁሉም ደህና ነው» እያሉ ይሸኟታል። ያም ሆኖ መሄዷን አልተወችም።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ሽማግሎቹ ከሦስት ተከፈሉ። አንዱ «ዘንጉን ለሦስት እንስበረው» ቢል «የተሰበረ ዘንግ ማገዶ ነው» ብለው ዝም አሰኙት። ዘንቢት ደግሞ አንድ ምንጭ ናት፤ ከጥንት ጀምሮ ከአንድ በላይ አባት ኖሯት አያውቅም። በመጨረሻ «የተጠማው ይፍረድ» ተባለና እትዬ አሞኘሽ ተጠራች።

«እኔ» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ሰባት ዓመት ሙሉ ደረሰ እያልኩ የዋሸሁ ሴት ነኝ። ከእኔ ፍርድ አይጠየቅም።»

አያ ጓንጉል ዘንጉን ከጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ልጆቻቸው ከፊታቸው ተንበረከኩ። በደከመ ዓይናቸው ስላልለዩአቸው በእጃቸው እየዳበሱ የሦስቱንም ራስ ሳሙ። «ከዛሬ በኋላ በእኔ ምርቃት ማንም አይጠማ» ብለው ዘንጉን አነሱና፣ ለማን እንደሚሰጡት ሳይቆርጡ እንዳነሱት ቀሩ።

እንግዲህ የተቀመጣችሁ ሁሉ፣ ፍርዱ የእናንተ ነው። ይመኙሻል ባትናገር ኖሮ አንማው ምኑን ይጠግን ነበር? አንማው ባይጠግን ቢያድግልኝ ምን ውሃ ያካፍል ነበር? ቢያድግልኝስ ጭራ ባይወርድ፣ አንማው በታመመ ቀን፣ ይመኙሻልንም «ደህና ነው» ብለው በሸኟት ቀን፣ ጥማቱን ማን ያውቅ ነበር? ሌላ አሞኘሽ ከቦዩ ጭራ እንዳትቆም፣ አያ ጓንጉል ዘንጉን ለማን ይስጡ?