«ማነህ?» ብሎ የማይጠይቅ የውሃ በር

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ውሃ ማካፈል ነው።

በመስኖ በሚታረስ አገር ይህን ሥራ የያዘ ሰው «የውሃ አባት» ይባላል። የማን ማሳ በየትኛው ቀን፣ ለስንት ሰዓት እንደሚጠጣ የሚወስነው እሱ ነው። ለዚህ ሥራ ሀብታም አይመረጥም፤ ጉልበተኛም አይመረጥም። ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚመርጠው የሚታመን ሰው ነው። ይህ ሰው አያ ይስማው ይባላል፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ታምኖ ኖረ።

ከዕለታት አንድ ቀን የመስኖ ማኅበሩ በየቦዩ በር ላይ ትንንሽ መሣሪያ አስገጠመ። መሣሪያው የልብስ ሳሙና ቢያክል ነው፤ በትንሽ ባትሪ ይሠራል። አያ ይስማው በእጁ ከያዘው መቆጣጠሪያ «ክፈት» የሚል ትእዛዝ በሬዲዮ ሲልክለት በሩን ይከፍታል፤ «ዝጋ» ሲለው ይዘጋል። ጉልበቱን ያመው ስለነበር ይህን ነገር ያመጡትን ሰዎች መረቃቸው። ከላይ እስከ ታች ሦስት ሰዓት የሚያስኬደው መንገድ ቀረለት።

በየካቲት ውሃው መጉደል ጀመረ።

መጀመሪያ የመጣችው ወይዘሮ ሙሉሃብት ናት፤ ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች በሽንኩርት የምታሳድግ ሴት። ተራዋ ረቡዕ ነው። ሰው ሁሉ ለምሳ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ልክ በቀትር፣ ውሃዋ ይቀጥናል፤ ከዚያም ይጠፋል። አያ ይስማው ቦዩ በደለል ተሞልቶ ይሆናል አላት። በሁለተኛው ሳምንትም መጣች። በሦስተኛው ሳምንት ሽንኩርቷ ቢጫ ሆነ። ያኔ ተነሥቶ ራሱ ወጣ፤ የሦስተኛው ቅርንጫፍ በር ክፍት ሆኖ አገኘው። አልተሰበረም፤ በግድ አልተፈለቀቀም። ታዞ ነው የተከፈተው። እሱ ግን አላዘዘም።

ታዲያ ማን አዘዘ?

ያ ቅርንጫፍ የሚያልፈው በአንለይ ማሳ ዳር ነው። አንለይ ማን ነው? የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ልጁንም ክርስትና ያነሣለት አያ ይስማው ነው። በጥር አያ ይስማው የጉልበቱ ሕመም ጠንቶበት ሲተኛ መቆጣጠሪያውን ለአንድ ሳምንት በአደራ የሰጠው ለእሱ ነበር። ከእሱ ሌላ ያንን ዕቃ የነካ ሰው የለም። ወደ አንለይ ማሳ ሄዶ ዳሩን ቢረግጠው እርጥብ ሆኖ አገኘው።

ጥርጣሬ ሲያድግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንለይ ቀድሞ ሰላም ሲለው «ፈርቶ ነው» ይላል። ዝም ብሎ ሲያልፍ «አፍሮ ነው» ይላል። ሲስቅ «ይስቅብኛል»፤ ሲያዝን «ኅሊናው ወቀሰው»። አንለይ ምን ቢያደርግ ይዳን? ምንም! አያ ይስማው መቆጣጠሪያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ትራሱ ሥር ማድረግ ጀመረ። ሚስቱ ቤቱን ስትጠርግ እንኳ እጇን ይከተላል።

ነገሩ ማኅበሩ ፊት ቀረበ። በዚያ ስብሰባ ላይ በሚያምር አንደበት የተናገረው ክንዱ የሚባል ሰው ነው። በገበያው ከተማ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን ኖሮ፣ በቅርንጫፉ መጨረሻ መሬት ተከራይቶ ሀብሀብ የሚያለማ፣ ለሽማግሌ የሚነሣ ጨዋ ሰው ነው። የድሀ ውሃ መሰረቁ እንዳሳዘነው ተናግሮ የተጠረጠረው ይማል አለ። አንለይም በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ፣ ሕዝቡ እያየው ማለ። አያ ይስማው ግን ከመሐላው በኋላም መጠርጠሩን አልተወም፤ ለመማል ምን ይገደዋል አለ በልቡ። ማኅበሩም የውሃ አባቱን ፊት አየና የአንለይን ተራ ለአንድ ወር አገደ።

በዚያው ሳምንት የአንለይ እናት እማ ፈንታነሽ ሞተች። ይህች ሴት አያ ይስማው በልጅነቱ እናቱ ስትሞትበት አንድ ዓመት ከልጇ ጋር አብራ ያበላችው ናት። አገሩ ሁሉ ለቅሶ ወጣ። እሱ ሚስቱን ላከ። «ጉልበቴን አሞኛል በይልኝ» አላት።

ጉልበቱን ነበር ያመመው? እናንተ ፍረዱ።

ረቡዕ በቀትር የወይዘሮ ሙሉሃብት ውሃ እንደገና ጠፋ። አያ ይስማው «አንለይ ሰው ልኮ ነው» አለ። አያችሁ፣ ጥርጣሬ መልስ አያጣም። ሴትዮዋ ግን ከማሳዋ ቀጥ ብላ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«አያ፣ አንለይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሕዝብ ከቦታል። ውሃዬ ግን ዛሬም ሄዷል። ሰውን መመርመር ይብቃችሁና በሩን የሠራውን ሰው አስጠሩልኝ።»

መሣሪያዎቹን የገጠመችው ኢንጂነር ህሊና የምትባል ወጣት ሴት ናት። በሚቀጥለው ረቡዕ ከከተማ መጣች። መጀመሪያ ያደረገችው መቆጣጠሪያውን ከአያ ይስማው ተቀብላ፣ አጥፍታ፣ ቦርሳዋ ውስጥ መቆለፍ ነው። ከዚያ ሦስተኛው በር አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ቀትር ሆነ። ማንም አልመጣም። መቆጣጠሪያው ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ አንለይ ለቅሶ ቤት ነው። በሩ በራሱ ተከፈተ፤ ውሃው እየተንዶለዶለ ወደ ታች ወረደ።

አያ ይስማው ቆሞ አየው። 

ኢንጂነሯ ከኮምፒውተሯ ጋር የተያያዘ ትንሽ ሬዲዮ አውጥታ አሳየችው። መቆጣጠሪያው «ክፈት» ሲል በአየር ላይ የሚሄደውን ትእዛዝ በአቅራቢያ ያለ ሰው መቅዳት ይችላል። የቀዳውን መልሶ ሲልከው በሩ ትእዛዙ ከማን እንደመጣ አያውቅም። «ማነህ?» ብሎ አይጠይቅም። ቃሉ ያው ስለሆነ ይታዘዛል። ይህን ነግራው ስታበቃ ኮምፒውተሯን ዘጋች።

«በሩ ላኪውን የሚለይበትን ምሥጢራዊ ቁልፍ ያስቀረሁት እኔ ነኝ፣ አያ ይስማው» አለች። «የባንክ ኮምፒውተር መልእክቱን የሚቆልፍበት ምስጠራ ለዚህ ዕቃ ይከብደዋል፤ ባትሪውን ይጨርሰዋል ብዬ ፈራሁ። ለትንንሽ መሣሪያ ተብሎ የተሠራ ቀላል ምስጠራ እንዳለ አውቅ ነበር። ግን የመስኖ ውሃ ማን ይሰልላል ብዬ ናቅኩት።»

በማግሥቱ ስትሠራ ዋለች። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ትእዛዝ መቆጣጠሪያውና በሩ ብቻ በሚያውቁት ምሥጢራዊ ቁልፍ ታትሞ ይሄዳል፤ ቁጥርም አለው። አንድ ጊዜ የተጠቀሙበት ቁጥር ሁለተኛ አይሠራም። ቀድቶ የላከ ሰው የላከው የትናንቱን ነው፤ በሩም አይሰማውም። ይህ ሁሉ የጨመረው የባትሪ ወጪ ከቁም ነገር የሚቆጠር አልነበረም።

በሚቀጥለው ረቡዕ በቀትር በሩ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሰው፣ ምን ሆነብኝ ብሎ ሊያይ፣ በሸንበቆው መካከል እየተሹለከለከ መጣ። በእጁ ፌስታል ይዟል፤ በፌስታሉ ውስጥ የሬዲዮ ዕቃ አለ። ያ ለሽማግሌ የሚነሣው፣ የድሀ ውሃ ያሳዘነው ክንዱ ነበር። የአንለይን ማሳ ዳር ያረጠበው ወደ ሀብሀቡ ሲያልፍ የሚያንጠባጥበው ውሃ ነው።

ክንዱን ሕግ ያዘው። የአንለይ ተራ ተመለሰ። የወይዘሮ ሙሉሃብት ሽንኩርት ግማሹ ተረፈ። አያ ይስማውስ? እያነከሰ አንለይ ቤት ሄደ። ደጁ ላይ ቆመ፤ ስለ በሩ፣ ስለ ሬዲዮው፣ ስለ ሌባው ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገረ። ይቅርታም ጠየቀ። አንለይ እስኪጨርስ አዳመጠው።

«በሩን በአንድ ቀን አበጃችሁት» አለው። «እናቴን ግን ሁለተኛ አልቀብራትም። አንተም ከእንግዲህ ለቀብሯ ልትደርስ አትችልም።»

 አያ ይስማው ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። በመጨረሻ አንለይ መደቡ ላይ ጠጋ አለለት።

ምእመናን፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌባው ማን እንደሆነ አወቃችሁ። እኔ የምጠይቃችሁ ስለ ሌላው ሰው ነው። አያ ይስማው ክፉ ሰው ነበር? አልነበረም። አሥራ አራት ዓመት የታመነ ሰው ነው። ነገር ግን ወደ ልቡ የመጣውን ሐሳብ ሁሉ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ አስገባው። እናንተስ? ስለ ወንድማችሁ የሚነገራችሁን ቃል ማን እንደላከው ትጠይቃላችሁ? አምና የሰማችሁትን ሐሜት ዘንድሮ መልሰው ሲያሰሟችሁ፣ አዲስ መስሏችሁ እንደገና አትናደዱምን? ትልልቁን ኃጢአት ትጠነቀቃላችሁ፤ ትንሽ ጥርጣሬ ምን ያመጣል ብላችሁ ደጁን ክፍት ትተዋላችሁ።

አሁን በእያንዳንዳችሁ ልብ የአንድ ሰው ስም መጥቷል። ስትጠረጥሩት የኖራችሁት ሰው ስም። ሠርጉን የቀራችሁበት፣ ሲታመም ያልጠየቃችሁት፣ እናቱ ስትሞት ጉልበቴን አሞኛል ያላችሁት። አንለይ መደቡ ላይ ጠጋ አለ። ሁሉም ሰው ጠጋ ላይልላችሁ ይችላል፤ አንዳንዱም ሳትደርሱ ይሞታል። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ አትግቡ። መጀመሪያ እዚያ ሰው ደጅ ሂዱና ቁሙ።